ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የሥራ ፍሬ

እኛ የቢቸናና የሞጣ ልጆች ያደግነው ስለ ሰሊጥ አገር እየሰማን ነው። መሬት ያልደረሰው ጐልማሳ ስንቁን ቋጥሮ ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል፤ ጥቂት ብር ይዞ ተመልሶ በሬ የሚገዛ አለ፤ ወባ ይዞት የሚመለስ አለ፤ እዚያው የሚቀርም አለ። ስለዚህ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ታሪክ ለመጻፍ ስንነሣ አስቀድሞ ዓይናችን ያረፈው በዚሁ ስፍራ ስም ላይ ሆነ። አባታቸው ዐፄ ዮሐንስን ተከትለው ዘምተው በ1881 ዓ.ም. የወደቁት በመተማ ጦርነት ነውና።

ገብረ ሕይወት በዓድዋ አጠገብ በ1878 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ምፅዋ ወርደው በምንኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር መርከብ ለማየት እንደ ወጡ መርከቡ ይዟቸው ሄደ ይባላል። የመርከቡ አዛዥ ለአንድ የኦስትሪያ ባለጸጋ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ እዚያ አድገው በበርሊን ሕክምና ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ለዐፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ፤ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ሐኪም ለመሆን የተማሩት ሰው የመረመሩት ሕመም ግን የአገርን ድህነት ነበር። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተሰኘው ጽሑፋቸው የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በገንዘብና በታወቀ ልክ እንዲከፈል፣ ጉምሩክ አንድ ወጥ እንዲሆን መከሩ። በመንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ያዙት። ሀብት የሚገኘው ከሰው ሥራ ነው፤ ሥራም ዕውቀት ካልመራው ድካም ብቻ ይሆናል፤ ያላወቀ ሕዝብም ለዐዋቂው ሕዝብ ሲያገለግል ይኖራል አሉ። ገበሬው የደከመበትን ወታደሩ የሚበላበት አገር እንደማይከብርም አሳዩ።

ይህን ያነበበ የአገራችን ልጅ ቢቸና ገበያ ይውረድ። ወንድሙ በመተማ ያረመው ሰሊጥ አብዛኛው ሳይጨመቅ ባሕር ይሻገራል፤ በጀሪካን የሚሸጥለት የፓልም ዘይት ደግሞ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ይመጣል። ነጋድራስ በዘመናቸው ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቅና መሣሪያ ሲገባ አይተው ይህን ዓይነቱን ንግድ ነበር የተቹት። የዕቃው ስም ተለወጠ እንጂ መንገዱ ያው ነው።

በአንድ ነገር ግን ከእርሳቸው ጋር መከራከር እንወዳለን። ከላይ ሆኖ በዕውቀት የሚያስተዳድር መንግሥት ከተገኘ ሕዝቡ ይከተላል የሚል ተስፋቸው ብዙ ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ሲጥል ሐሳቡ በወረቀት ላይ ከነጋድራስ ምክር ብዙም የራቀ አልነበረም። የሞጣና የቢቸና ገበሬ ግን ገማቹ ሲመጣበት ያየው ርስቱን የሚነጥቅ እጅ ነው፤ ከዚያ በፊት በከፈለው ግብር ትምህርት ቤትም መንገድም እምብዛም አላየም። ጠመንጃውን አንሥቶ ሸፈተ። ጦርና አውሮፕላን ተላከበት፤ በመጨረሻ ግን ያፈገፈገው መንግሥት ነበር። አባቶቻችን ሥልጣኔን ጠልተው ነው የሚለውን ወሬ እኛ አንቀበለውም። ለምን እንደሚከፍሉ ማን ነገራቸው?

ነጋድራስ ሐሳባቸውን በሥራ የሚፈትኑበት ጊዜ አጭር ነበር። የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። ወጪና ገቢ ሸቀጥ በዓይናቸው ፊት የሚያልፍበት ስፍራ ስለሆነ፣ ስለ ንግድ የጻፉት ከመጻሕፍት ብቻ የተቀዳ አይመስለንም። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ሞቱ። ትልቁ መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ከእኛ በፊት በኢኮኖሚክስ የተመረቀ አንድ የሠፈራችን ልጅ አለ። ይህን መጽሐፍ ከእርሱ ተውሰን ነው ያነበብነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ሲቆም ከርሞ በመጨረሻ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወረደ፤ ሲሄድ መጽሐፉን እኛ ዘንድ ትቶት ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀንም።