የአርባ ልጆች መምህር ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን

ሰው ለተወለደባት አገር ቢዘምር የሚያስደንቅ አይደለም፤ ፍቅሯ ከእናቱ ጡት ጋር የገባ ነውና። አገሩን የተነጠቀ ሰው ግን ለተቀበለችው አገር ዜማ ደርሶ ቢሰጥ፥ የእርሱ ታሪክ ለመምህራን ሁሉ ሊነገር ይገባዋል። ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

ሙሴ ኬቮርክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ ግዛት ዐይንታብ በምትባለው ከተማ ከአርመን ወገን ተወለዱ። በዚሁ አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. አርመኖች ከርስታቸው እየተነቀሉ ወደ ሶርያ በረሓ ተነዱ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ከእልቂቱ የተረፉት ሕፃናት አባትና እናት አልባ ሆነው በየአገሩ ተበተኑ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም በአርመን መንበረ ፓትርያርክ ጥላ ሥር ተጠለሉ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ለጕብኝት ከአገር ወጥተው ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ እነዚህን ልጆች አዩ። ከፓትርያርኩም ጋር ተስማምተው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ውል አደረጉ። ልጆቹን በሙዚቃ የሚያሠለጥንና የሚመራ መምህር ያስፈልግ ነበርና፥ ይህ ሥራ ለሙሴ ኬቮርክ ተሰጠ። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. መምህሩና ልጆቹ አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ቀርቷል።

የናስ ሙዚቃ ለአዲስ አበባ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ የሙዚቃ መሣሪያዎች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተሰምተው ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያ ማግኘትና ሙዚቃን በትምህርት ማጽናት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መለከት ከውጭ አገር በሣጥን ታሽጎ ሊመጣ ይችላል፤ አብሮ መጫወት ግን በመምህር ድካምና በተማሪ ትዕግሥት ካልሆነ በቀር አይገኝም።

ነገሩን ለመረዳት የአገራችንን የዜማ ሥርዐት ማሰብ ይበቃል። በቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ብዙ ሳሉ የሚያዜሙት አንድ ዜማ ነው። በባንድ ግን ለያንዳንዱ ተጫዋች የተለየ ድርሻ ይጻፍለታል፤ ኮርኔቱ ዜማውን ሲመራ ቱባው መሠረቱን ይይዛል፥ ከበሮው ጊዜውን ይጠብቃል። ልጁ የራሱን ድርሻ ብቻ ቢሰማ ከጓደኞቹ ጋር ይጋጫል፤ የሌላውን ብቻ ቢሰማ የራሱን ይጥላል። ሁለቱን ባንድነት መስማት የቻለ ዕለት ሙዚቃ ተማረ ይባላል።

ፒያኖ ይህን ትምህርት በአንድ ገበታ ላይ ዘርግቶ ያሳያል። ከ88ቱ ቍልፎቹ በያንዳንዱ የድምፅ መሰላል ክልል 7ቱ ነጮች፥ 5ቱ ጥቍሮች ናቸው። ጥቍሮቹን ብቻ በተርታ የነካ ልጅ ለትዝታ ቅኝት የቀረበ ድምፅ ያገኛል። ግራ እጁ መሠረቱን፥ ቀኝ እጁ ዜማውን ሲይዝ በባንድ ውስጥ ብዙ ሰዎች የሚከፋፈሉትን ሥራ ብቻውን ይለማመዳል። የባዕዱ መሣሪያ የአገሩን ዜማ ሲመልስለት ትምህርቱ ባዕድ መሆኑ ይቀራል።

ሙሴ ኬቮርክ የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንዲደርሱ የታዘዙት ከመጡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ግጥሙን የደረሱት በደብረ ኤልያስ ተወልደው በቅኔ ትምህርት ያደጉት፥ በኋላም በአዲስ አበባ በመምህርነት ያገለገሉት ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ። ከዐይንታብ የመጣው የኖታ ዕውቀትና ከጎጃም የመጣው የቅኔ ዕውቀት በአንድ መዝሙር ተገናኙ። መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በአደባባይ ተሰማ።

አምስት ዓመት ተኩል ያህል ቈይቶ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ዜማውን የደረሱት ሰው አስቀድሞ የቀመሱትን የስደት ጽዋ ግጥሙን የደረሱትም ቀመሱት። መዝሙሩ ከአደባባይ ጠፋ፤ በቃል ካጠኑት ሰዎች ልብ ግን የሚያወጣው ኀይል አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ እርሱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

የአርባ ልጆች ባንድ ለዘለዓለም አልጸናም፤ ልጆቹ አድገው አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፥ ሌሎቹ በኢትዮጵያ ቀሩ። ሙሴ ኬቮርክ ግን የመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርት ሲለያዩ ሥራቸውን አላቆሙም፤ የኢትዮጵያን ልጆች ማሠልጠን ቀጠሉ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በዚሁ መንገድ ገቡ። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር የሙዚቃ ክፍሉን መርተው ብዙ ተጫዋቾችን አስተማሩ፤ የአገሩን ቅኝት ለብዙ መሣሪያዎች በማስማማትም ስመ ጥር ሆኑ።

ሙሴ ኬቮርክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. ዐረፉ። መዝሙራቸውም ዘውዱ ከወረደ በኋላ በሌላ ተተካ። እንግዲህ የሥራቸው ዋጋ በመዝሙሩ ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ያን ጊዜ በተዘጋ ነበር። ነገር ግን መዝሙር በዐዋጅ ይተካል፤ ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈ ዕውቀት ግን በዐዋጅ አይሻርም። ወላጅ ያጡ ልጆች እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ አንድ ድምፅ እንዲሆኑ ያስተማሩት ሰው፥ ኖታውን ሳይሆን መደማመጡን ትተውልን ሄደዋል። በየትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ የራሱን ድርሻ ይዞ የጓደኛውን ድምፅ ለመስማት ዝም ባለ ቍጥር፥ የሙሴ ኬቮርክ ትምህርት ገና አላበቃም።