ቴሬዛ ዋላክ፦ በሞተር ብስክሌት ከለንደን እስከ ኬፕታውን

በእኛ በኦሎምፒያ በቀን ስንት ሞተር ብስክሌት ያልፋል፤ ከነጂዎቹ መካከል ሴት ለማየት ግን ረጅም ጊዜ መቆም ያስፈልጋል። ለዚህ እትም የአንዲት እንግሊዛዊት ሞተረኛን ታሪክ ይዤ ቀርቤያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴሬዛ ዋላክ በ1909 ለንደን ውስጥ ተወለደች። ያደገችው በሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች አቅራቢያ ነበር፤ ፍቅሩም ገና በልጅነቷ ያዛት። ወላጆቿ አልወደዱላትም። በ1928 ግን በምህንድስና ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች። መንዳት ብቻ ሳይሆን መፍታትና መግጠምም ያወቀችው እንዲህ ነው።

በዚያ ዘመን ሴት በሸካራ መንገድ ስትወዳደር ጨርሶ ያልታየ ነገር አልነበረም። በ1927 ማርጆሪ ኮትል፣ ኢዲት ፎሊና ሉዊ ማክሊን የተባሉ ሦስት ሴቶች በስድስት ቀኑ ዓለም አቀፍ ውድድር ለብሪታንያ ሽልማት አሸንፈዋል። ቴሬዛ ደግሞ ከጓደኛዋ ከፍሎረንስ ብሌንኪሮን ጋር ሆና ትልቅ ነገር አሰበች፤ አፍሪካን ከላይ እስከ ታች በሞተር ብስክሌት ማቋረጥ።

በታኅሣሥ 1934 ከለንደን ተነሡ። የያዙት 600 ሲሲ ፓንተር ነበር፤ ከጎኑ መቀመጫ፣ ከኋላው ደግሞ ዕቃ የጫነ ተሳቢ ተገጥሞለታል። ኮምፓስ እንኳ አልነበራቸውም። ሰሃራ ሲገቡ ጎማው አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ፣ እነሱም በአካፋ እየዛቁ ተጓዙ። አጋዴዝ ሳይደርሱ ሞተሩ ተበላሸባቸው። እንደምንም ከተማዋ ካደረሱት በኋላ ፈታትተው እንደገና ገጣጠሙት፤ ጉዞውም ቀጠለ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን እንደ ሀብት ነው የምቆጥረው። ብረቱ ያረጃል፣ ይሰበራል፤ እጇ ላይ ያለው ሙያ ግን በበረሃ አዳናት፣ በኋላም ዕድሜ ልኳን አበላት። ባለፈው የብድር ስብሰባችን አንዲት አባላችን የሞተር ጥገና ልማርበት ብላ ብድር ስትጠይቅ ከወዲያም ከወዲህም ሳቅ ተሰምቷል። ጥያቄዋ ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ ከዚያ በፊት ይህ ቢነበብ ደስ ይለኛል።

ኬፕታውን የደረሱት በሐምሌ 1935 መጨረሻ ነው። እኛ አገር ላይ ጣሊያን ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ እያከማቸ የነበረበት ወቅት መሆኑን ሳስብ፣ የእነሱ ጉዞ ሰላም ይገርመኛል።

በ1939 ቴሬዛ በብሩክላንድስ የውድድር መንገድ በተዋሰችው 350 ሲሲ ኖርተን በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታ የወርቅ ኮከብ ተሸለመች። ይህን ሽልማት በሞተር ብስክሌት ያገኙት ሴቶች ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዷ ያቺው ፍሎረንስ ናት። በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሞተረኛ መልእክተኛና መካኒክ ሆና አገለገለች።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካን፣ ካናዳንና ሜክሲኮን በሞተር ብስክሌት ዞረች። ኋላም በቺካጎ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች መሸጫና መጠገኛ ከፈተች። ለገዢዎች መንዳትም ታስተምር ነበር። በ1970 ስለ አነዳድ መጽሐፍ አሳተመች፤ ከዚያ ወደ ፊኒክስ ተዛውራ የሞተር ብስክሌት መንጃ ትምህርት ቤት አቋቋመች። 88 ዓመቷ ድረስ ነዳች፤ ያቆመችውም ዓይኗ ስለደከመ ነው። በ1999፣ 90ኛ ዓመቷን በያዘችበት ቀን አረፈች። የሰሃራውን ጉዞ የጻፈችበት መጽሐፍ የታተመው ከዚያ በኋላ፣ በ2001 ነው።