የአርስ መንደር ቄስ የዣን ማሪ ቪያኔ ታሪክ

በፈረንሳይ አገር፥ ከሊዮን ከተማ በስተ ሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ አርስ የምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር አለች። በ1818 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንደዚሁ ነው) ነዋሪዎቿ 230 ነፍስ ያህል ብቻ ነበሩ። ኋላ ስሟ በዓለም የተሰማው በአንድ ቄሷ በዣን ማሪ ቪያኔ ምክንያት ነው።

ዣን ማሪ በሊዮን አጠገብ ባለችው በዳርዲይ መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ በ1786 ተወለደ፤ በልጅነቱም የአባቱን ከብት ይጠብቅ ነበር። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ታላቁ የፈረንሳይ አብዮት ተነሣ፤ ለአዲሱ ሕግ አንምልም ያሉት ካህናት ከየደብራቸው ተሰደዱ፥ አያሌዎቹም ተገደሉ። ስለዚህ በ1799 መጀመሪያ ቅዱስ ቍርባን የተቀበለው በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በኤኩሊ መንደር በሰው ቤት በስውር ነው፤ ብርሃኑ ወደ ውጭ እንዳይታይ በመስኮቶቹ ፊት ድርቆሽ የተጫነ ጋሪ ቆሞ ነበር። ይህን ያየ ልጅ ካህን ልሁን ብሎ ቢመኝ አያስደንቅም።

ዳሩ ግን ትምህርቱ አልሆንለት አለ። ግዕዝ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነው ሁሉ ላቲን ለምዕራባውያን የቅዳሴና የትምህርት ቋንቋ ነበረ፤ እርሱ ግን ዕድሜው ወደ ሃያ ሲቀርብ ጀምሮታልና ሰዋስዉ ከልቡ አልገባ አለው። በ1809 ደግሞ በናፖሌዎን ጦር ወደ እስጳንያ እንዲዘምት ተጠራ፤ ታሞ ከጓዶቹ ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ በሌ ኖኤ መንደር እስከ 1810 ምሕረት ድረስ ተሸሸገ፤ ታናሽ ወንድሙም በእርሱ ፈንታ ዘመተ። ወዳጆቹ ይህን ለመሸፈን ባይደክሙ ይሻላል። ኋላም በላቲን ድካሙ ከሊዮን የካህናት ትምህርት ቤት ተሰናበተ። የኤኩሊ ቄስ መምህሩ ባሌ ግን ተስፋ አልቈረጠበትም፤ በቤቱ አስተማረው፥ በአለቆችም ፊት ቆመለት፤ በ1815 በግሬኖብል ቅስና ተቀበለ። ፈጣኑን ተማሪ የሚወድ መምህር ብዙ ነው፤ የዘገየውን የሚታገሥ ግን ጥቂት ነው።

በየካቲት 1818 ወደ አርስ ተላከ። ሕዝቡ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ከአብዮቱ በኋላ ትምህርት ጠፍቶበት እሑድን በእርሻ፥ ምሽቱን በመጠጥ ቤትና በዘፈን ያሳልፍ ነበር። ቄሱ የተቀቀለ ድንች እየበላ፥ ሌሊት እየጸለየ፥ ቀን በየቤቱ እየዞረ በሽተኛውን ይጠይቅ ነበር። በስብከቱ ጽኑ ነበረ፤ ምናልባትም በዘፈኑ ላይ ከልክ ያለፈ ጽናት ነበረው። በ1824 ለድኾች ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ወላጅ የሌላቸውም በዚያ ይመገቡ ነበር። በ1847 ቤቱ ለመነኮሳይያት ሲሰጥ እጅግ አዘነ።

የአካባቢው ካህናት ያልተማረ ነው ብለው ይነቅፉት ነበር። በእርሱ ላይ የተጻፈ የክስ ወረቀት በእጁ በገባ ጊዜ የራሱን ፊርማ ጨምሮ ለኤጲስ ቆጶሱ ላከው። ነገር ግን ንስሐ ሊገቡ ከሩቅ የሚመጡት እየበዙ ሄዱ፤ ከሊዮንም ሰው የሚያመላልሱ ሠረገላዎች ተመደቡ። በመጨረሻው ዓመት የመጡት እስከ 100,000 ይገመታሉ። እርሱም ከሌሊቱ እኩሌታ ጀምሮ ኑዛዜ ይሰማ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ሰው በአርስ መቅረት አልወደደም። ለብቻው በገዳም ተቀምጦ ስለ ኃጢአቱ ሊያለቅስ ይመኝ ነበርና ከአንድ ጊዜ በላይ ሸሸ። በ1843 ሌሊት በእግሩ እስከ ዳርዲይ ሄደ፤ ሕዝቡ ግን ወደ ወንድሙ ቤት ተከትሎት መጣ፥ እርሱም ተመለሰ። በ1853 ዳግመኛ በሌሊት ሲወጣ ደወል ተደወለ፥ መንደሩ ፋና ይዞ መንገዱን ዘጋበት፥ ረዳቱም የጸሎት መጽሐፉን ወሰደበት። በመጨረሻ ወደ ኑዛዜው ወንበር ተመልሶ ተቀመጠ። ሕዝቡን ያነሣሣው ፍቅር ብቻ ነበር ማለት ያስቸግራል፤ በእንግዶቹ ብዛት እንጀራ የሚያገኝ አያሌ ነበረና።

በ1852 የተሰጠውን የክብር ካባ በ50 ፍራንክ ሸጦ ለድኾች ሰጠ። በ1859 በነሐሴ 4 ቀን በሰባ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1925 ከቅዱሳን ቈጠረችው፥ በ1929ም የአጥቢያ ካህናት ሁሉ ጠባቂ አለችው። የመንደሩ ሰዎች በ1862 ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ሲጀምሩ አሮጌውን አላፈረሱም፤ አዲሱን ከእርሱ ጋር አጋጠሙት። የኖረበትም ቤት ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይታያል።