ብላቴን ጌታ ኅሩይ፦ ለልጆች ማስታወሻ የሰበሰቡ አባት

የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከመንግሥት ሥራቸው ጎን የሰው ታሪክና የመጻሕፍት ዝርዝር መሰብሰብ ይወዱ ነበር። ይሄን ፍቅራቸውን ግን ከልጆች ነገር አልነጠሉትም። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን ጻፉ። በ1915 ደግሞ የብዙ ሰዎችን አጭር ታሪክ ሰብስበው፣ ኋላ ለሚነሱ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን «የሕይወት ታሪክ» ብለው አሳተሙት።

ከዚያ ጦርነት መጣ። እሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ ጣሊያኖች ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ገደሉባቸው። መስከረም 1931 ዓ.ም. እዚያው በስደት፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ አረፉ። የሰበሰቡት ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ወልድያ፣ መርሳ፣ ሐብሩ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ሳጥን ውስጥ የአያት ፎቶ ካለ ልጆቹን ሰብሰብ አድርጋችሁ ከጀርባው ስምና ዓመት ጻፉበት። የሚያውቀው ሰው ሳያልፍ!