የአዲስ አበባን ባቡር ሳያዩ ያለፉት ሙሴ ኢልግ

ዛሬ ከዘነበወርቅ ተነሥቶ በባቡር ወደ ድሬዳዋ መጓዝ የሚሻ መንገደኛ ወደ አዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ለቡ ጣቢያ ያቀናል። አባቱና አያቱ በዘመናቸው ስንቃቸውን ቋጥረው ይሰለፉ የነበረው ለገሃር ነበር። የሁለቱም ጣቢያዎች ታሪክ ወደ ኋላ ሲመዘዝ ከአንድ ሰው ደጅ ያደርሳል፤ ከስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ። ኢትዮጵያውያን ሙሴ ኢልግ ይሏቸው ነበር።

ሙሴ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሕንድስና ተማሩ። በዚያው ዘመን የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የእጅ ሙያ የሚያውቁ አውሮፓውያንን ያፈላልጉ ነበርና ወጣቱ መሐንዲስ ከሁለት የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሕር ተሻግረው፣ በረሃ አቋርጠው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና 25 ዓመት አልሞላም ነበር።

ንጉሡ አዲሱን መሐንዲስ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘው እንደፈተኗቸው ይነገራል። ፈተናውን ካለፉ በኋላ የተሰጣቸው ሥራ እየከበደ ሄደ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ዘረጉ፤ ከእንጦጦ ተራራ በቱቦ ውኃ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረዱ። ውኃ ወደ ግቢው ሲገባ የታየው መደነቅ የአዲሲቱ ከተማ ዝነኛ ወግ ሆኖ ቀርቷል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከዙሪክ ያገቧቸውን ፋኒ ጋቲከርን ይዘው መጥተው በአዲስ አበባ ልጆች አፈሩ። ቋንቋውንም ልማዱንም ለምደው ስለ ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ሰጧቸው። ከውጭ መንግሥታት ጋር በሚደረጉ ድርድሮችም የቤተ መንግሥቱ ጆሮና አንደበት ሆኑ።

የሕይወታቸው ትልቁ ሐሳብ ግን ባቡር ነበር። በዚያ ዘመን ከባሕር ጠረፍ ሸዋ ለመድረስ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ከደጋው የሚወርደው ቡናና ቆዳ፣ ከጠረፍ የሚወጣው ጨርቅና ብረት ሁሉ በእንስሳት ጀርባ ይጫናል። በመንገድ የሚሞተው እንስሳ፣ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥና በዝናብ የሚበላሸው ጭነት ሲታሰብ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ዕቃ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ሙሴ ኢልግ ይህን ባሕርይ በዓይናቸው አይተው የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ለንጉሡ አሳሰቡ። ሐሳቡ ወደ ሥራ መንገድ የገባው ግን ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለሙሴ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመሥራትና ለ99 ዓመት የማስተዳደር ፈቃድ ሰጡ። መስመሩ በሦስት ክፍል የታቀደ ነበር፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሙሴ ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቋሙ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ፓሪስ ሆነ። መንግሥት ገንዘብ አላወጣም፤ ኩባንያው አክሲዮን ሸጦ፣ ብድር ተበድሮ፣ ሐዲዱን ሠርቶ፣ ከመንገደኛና ከጭነት በሚያገኘው ገቢ ዕዳውን ይከፍላል ተባለ።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በወረቀት ላይ ቀላል የመሰለው ነገር በረሃው ላይ ከበደ። ውኃ የለም፤ ሸለቆው ድልድይ ይጠይቃል። በግመል ጭነት የሚተዳደረው የአካባቢው ሰውም መተዳደሪያው ሊቀማ መሆኑን ስላወቀ ሐዲዱን በበጎ ዓይን አላየውም፤ በግጭትም የሰው ሕይወት ጠፋ። የፓሪስ ባለገንዘቦች መስመሩ ተጠናቅቆ ትርፍ እስኪያስገኝ የመታገሥ አቅም አልነበራቸውም። ተጨማሪ ገንዘብ ከእንግሊዝ ባለሀብቶች ሲገኝ ደግሞ ፈረንሳይ ሠጋች።

በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500 ሺህ ፍራንክ ሊደጉም ተዋዋለ። ድጎማው ነጻ ስጦታ አልነበረም፤ ገንዘቡን የሰጠ መንግሥት የመስመሩን ቁልፍም መያዝ ፈለገ። አፄ ምኒልክ ለግለሰቦች የሰጡት ፈቃድ ሳይጠየቁ በባዕድ መንግሥት እጅ እንደ ገባ ሲረዱ ተቆጡ። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የምረቃው በዓል ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ደስታ አለፈ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ወጪው ስለ በዛ መስመሩ ከግርጌው ባለው ሜዳ ቆሞ ነበርና፣ ሐረር ባቡር ሳታገኝ ቀርታ ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች።

ሐዲዱ ከድሬዳዋ ሳያልፍ ዓመታት አለፉ። ዕዳው ከገቢው በለጠ፤ በ1899 ዓ.ም. ኩባንያው ከሠረ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ የተዋዋሉት የሦስትዮሽ ውል ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥለውን መስመር ለፈረንሳይ ድርሻ አደረገው። ሙሴ ኢልግ በአንድ በኩል የፈቃዱ ባለቤት፣ በሌላ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነው በሁለት ወገን ተወጥረው ቆዩ። የኩባንያው ጥቅምና የአገሪቱ ጥቅም ሲለያዩ የቆሙበት ስፍራ ጠበበ። በዚያው ሰሞን ሥራቸውን ለቀው ወደ ዙሪክ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን ተሰጠ፤ በፈረንሳይ መንግሥት የተደገፈ አዲስ ኩባንያም ሥራውን ቀጠለ።

ሙሴ ኢልግ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. ዙሪክ ላይ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ቀኑ በኢትዮጵያ የገና በዓል ነበር። ያን ጊዜ ሐዲዱ አቃቂ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የሕይወታቸውን ግማሽ የሰጡለት ባቡር ሊያደርሱት ካሰቡት ከተማ ሲገባ አላዩትም።

ከእርሳቸው በኋላ ባቡሩ የአገሪቱን ገበያ ለወጠ። ባቡር በሌሊት አይጓዝም ነበርና ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ያም ሆኖ ለግመል ዘመን ሰው ተአምር ነበር። ይሁንና ሙሴ ኢልግን ያስቸገራቸው ጥያቄ አብሮ ተጓዘ። አንድ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ሐዲድ፣ ስለታም ኩርባዎችና ያረጁ ድልድዮች ዘወትር ጥገና ይሻሉ፤ ጥገና ደግሞ ገንዘብ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በዚያን ጊዜ መስመሩ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ንብረት ነበር። አደጋው የመንገደኛ ደኅንነት በባለቤትነት ለውጥ ብቻ እንደማይረጋገጥ በመራራ መንገድ አሳየ።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ከዚያ ጥያቄ አላመለጠም። ገቢው በአብዛኛው ከጭነት ነው፤ ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው ማዳበሪያም ከጅቡቲ በዚሁ ሐዲድ ይጫናል። የመንገደኛው ቲኬት ብቻውን ሐዲዱን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውንና ጣቢያውን ሊሸከም አይችልም። በመስመሩ ዳር የሚግጥ ከብት ሲገጭ አርብቶ አደሩም ባቡሩም ይጎዳሉ፤ አጥርና መሻገሪያ መሥራት እንደገና ገንዘብ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ የሙሴ ኢልግ ሕይወት ጥሩ መምህር ነው። ዕውቀት አላነሳቸውም፤ የንጉሠ ነገሥቱ እምነትም አልጎደለባቸውም። ያነሳቸው ሥራው ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ የሚታገሥ፣ ፍሬውንም ለአገር የሚያስቀር ገንዘብ ነበር። ባቡርን ለግል ኩባንያ መስጠት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሲከስር ዕዳውን ማን እንደሚከፍልና ጥገናው ሲጓደል ማን እንደሚጠየቅ ሳይወሰን መስጠት ግን ሐዲዱን ባለዕዳ፣ መንገደኛውንም ባለአደጋ ያደርጋል። ይህ ውል አስቀድሞ ባልታሰረበት ዘመን ሙሴ ኢልግ ባቡራቸውን ሳያዩ ዐረፉ፤ አዲስ አበባም ባቡሯን ለማየት ከፈቃዱ ቀን አንሥቶ 23 ዓመት ጠበቀች።