ማይክል ፋራዴይ እና የደፈረሰ ውሃ

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 ለንደን አጠገብ ከብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ፤ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበም ሳይንስ ተማረ። በ1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የኬሚስቱ የሃምፍሪ ዴቪ ረዳት ሆነ። በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅልል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። የዛሬዎቹ ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው።

በ1855 በመርከብ ሲጓዝ የቴምዝ ወንዝ ቆሻሻ አስደነገጠው። ነጭ ወረቀት ቀዶ ውሃው ላይ ቢጥል፣ ገና ጥቂት እንደ ሰመጠ ከዓይን ተሰወረ። ያየውን ለታይምስ ጋዜጣ ጻፈ።

በ1857 ደግሞ ደቃቅ የወርቅ ብናኝ ያለበት ቀይ ፈሳሽ ጨው ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥና ወርቁ እንደሚዘቅጥ መዘገበ። ምክንያቱ የተብራራው እሱ ካረፈ በኋላ ነው፦ ብናኞቹ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ጨው ግፊያውን ሲያዳክመው ይጣበቃሉ።

ፋብሪካዎች ለማቀዝቀዣ የሚቀዱትን የወንዝ ውሃ በአሉም ሲያጠሩም መሠረቱ ይኸው ነው። አሉሙ በውሃ ይሟሟል፤ መጠኑ አስቀድሞ በትንንሽ ናሙናዎች ይሞከራል፤ ከዚያ ከወንዙ ውሃ ጋር በፍጥነት ይደባለቃል፣ ቀጥሎም በዝግታ ይማሰላል። ካነሰ ጭቃው አይረጋም፤ ከበዛም ተመልሶ ሊደፈርስ ይችላል። ያልረጋው ጭቃ ቧንቧ ውስጥ ይጋገርና ማሽኑ በደንብ አይቀዘቅዝም።

ፋራዴይ የናይትነት ማዕረግ አልፈልግም ብሎ በ1867 አረፈ። የወርቅ ፈሳሹ ጠርሙሶች ግን ዛሬም በሮያል ኢንስቲትዩሽን አሉ።