ራስ ጉግሣ ወሌ፤ ሁሉን በአንዲት ቀን ያስያዙት መስፍን

ቁማርተኛ ያለውን ሁሉ በአንድ ዕጣ ላይ ሲያስይዝ ቢያንስ የሚያስይዘው የራሱን ነው። በመሳፍንቱ ሥርዓት ግን ከገዢው ዕጣ ጋር የባላገሩ ልጅ፣ በሬና አዝመራም አብሮ ይያዝ ነበር። የራስ ጉግሣ ወሌ ሕይወት ለዚህ ግልጽ ምስክር ነው።

ራስ ጉግሣ የተወለዱት ዛሬ ወልድያ፣ መርሳና ሐብሩ በሚገኙበት በየጁ፣ ከራስ ወሌ ብጡል ነው። አክስታቸው እቴጌ ጣይቱ ነበሩና በ1892 ዓ.ም. የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ። ጋብቻው እንደ አብዛኞቹ የዘመኑ መኳንንት ጋብቻዎች የፖለቲካ ውል ነበር። እቴጌይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲገለሉ የየጁው ቤትም ደገፋውን አጣ። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ሲነግሡ ደግሞ የሸዋ መኳንንት የንግሥቲቱ ባል ከዙፋኑ አጠገብ እንዲቀመጥ አልፈቀዱም። ባልና ሚስት ተለያዩ፤ ራስ ጉግሣ በጌምድርን እንዲገዙ ተላኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የተፈሪ መኰንንን ኃይል የሚያጠናክር ነበር። ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሲባሉ የዘውዲቱ ሥልጣን ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ራስ ጉግሣ የራያና አዘቦን አመፅ እንዲያበርዱ ቢታዘዙም ከአመፀኞቹ ጋር ተመሳጥረዋል ተብለው ተጠረጠሩ። አዲስ አበባ ገብተው ቢያጎነብሱ ግዛታቸውን እንጂ ነፍሳቸውን አያጡም ነበር ለማለት ይቻላል። እሳቸው ግን ክተት አሉ። ንግሥቲቱ እንዲመለሱ ቢማጸኗቸውም፣ ስለ እሷ ክብር ተነሣሁ የሚል ሰው የእሷን ቃል አልሰማም።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከጦር ሚኒስትሩ ከደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊት ጋር ገጠሙ። በ1921 ዓ.ም. ክረምት አገር የገቡት የፖቴዝ አይሮፕላኖች በመጀመሪያ ውግዘት ያዘለ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣሉ። ከእርሻው ተጠርቶ ጦር ይዞ የወጣው የበጌምድር ገበሬ ከሰማይ የሚወርድ መሣሪያ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን በውጊያው ወደቁ።

በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ተፈሪም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ ጫኑ።